የአምባዛ አጥማጅ ሳጥን

ገበሬ ለእርሻ ሲወጣ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ማረሻውንና ጅራፉን አሟልቶ ይወጣል። ከማሳው ከደረሰ በኋላ «ለካ ምራኑን ረስቼዋለሁ» ቢል ግማሽ ቀኑ ባከነ ማለት ነው። በመቆፈሪያ የሚቆፍረውም ቢሆን እጀታው የላላ መቆፈሪያ ይዞ ከቤቱ አይወጣም። ዓሣ ማጥመድም እንደዚሁ ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ መሣሪያ አለው። መሣሪያው በቅድሚያ ይዘጋጃል፣ ይቆጠራል፣ ይጠበቃል።

በዚህ ትምህርት የአምባዛ ማጥመጃ ዕቃዎችን በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደምናሰናዳ እንማራለን። እግረ መንገዳችንንም የተማርነውን ፊደልና ቁጥር በሥራ ላይ እናውለዋለን። ስለ ወንዙ ከእኛ ይልቅ እናንተ የበለጠ ታውቃላችሁ። ፊደል ልናስተምር መጥተን ስለ ዓሣ የተማርነው ከእናንተ ነው። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው ግማሹ የመጽሐፍ፣ ግማሹ የእናንተው ነው።

ውኃው ተለውጧል

ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ከተማ ናት። የጉባ ሕዝብ ከዓባይ ጋር የኖረ ሕዝብ ነው። የጉሙዝ አባቶች ከወንዙ ዓሣ እያወጡ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ወራጁን ውኃ፣ ድንጋዩን፣ የክረምቱን ሙላት አሳምረው ያውቁ ነበር።

ዛሬ ግን ውኃው እንደ ቀድሞው አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ግድቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ መያዝ ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግድቡ በስተኋላ የተኛው ውኃ ንጋት ሐይቅ ተባለ። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ስንት ነው? 1000 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ሲቀዳ አንድ ሜትር ኩብ ይሆናል። እንግዲህ 74 ቢሊዮን ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

ወራጅ ውኃ የተኛ ውኃ ሲሆን ሦስት ነገሮች ይለወጣሉ።

1ኛ. ውኃው ጥልቅ ይሆናል። ትናንት በእግር የተሻገርንበት ቦታ ዛሬ ሰው ያሰምጣል።

2ኛ. ከውኃው በታች ጉቶና ቁጥቋጦ ይቀራል። መንጠቆና ክር ይይዛል።

3ኛ. አንዳንዱ ዓሣ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ይበዛል። ጭቃና የተኛ ውኃ የሚወድ ዓሣ ይመቸዋል። ከእነዚህ አንዱ አምባዛ ነው።

ስለዚህ አባቶቻችን ለወራጅ ውኃ ያዘጋጁት ዘዴ ብቻውን አይበቃም። የድሮውን እውቀት ሳንጥል አዲስ መጨመር አለብን።

አምባዛን እንወቀው

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ለስላሳና አንሸራታች ነው። ራሱ ሰፊ፣ ጠፍጣፋና አጥንታም ነው። በአፉ ዙሪያ 8 ረጃጅም ጢሞች አሉት። ዓይኑ ትንሽ ነው። ታዲያ በደፈረሰ ውኃና በጨለማ ምግቡን እንዴት ያገኛል? በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው። በአብዛኛው የሚመገበው ሌሊት ነው።

የሚበላውን አይመርጥም። ትል፣ ነፍሳት፣ እንቁራሪት፣ ትናንሽ ዓሣ፣ የሞተ ነገር ሁሉ ይበላል። ብዙውን ጊዜ ከውኃው ወለል፣ ከጭቃው አጠገብ ይገኛል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ጉልበቱም እንደዚያው ነው።

ሌላም ጠባይ አለው። እንደ ሌላው ዓሣ በውኃ ውስጥ ብቻ አይተነፍስም። ወደ ላይ ወጥቶ አየር መሳብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከውኃ ወጥቶም ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ይቆያል። ከራሱ ኋላ በግራና በቀኝ ባሉት ክንፎቹ ላይ ግን ጠንካራ እሾህ አለ። በግዴለሽነት የያዘውን ሰው እጅ ይቀድዳል።

አንዳንድ ሰው በእምነቱ ምክንያት ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበላም። ይህ የራሱ የእምነቱ ጉዳይ ነው፣ ሊከበርለት ይገባል። ለሚበላው ግን አምባዛ ሥጋው የወፈረ፣ አጥንቱ ያልበዛ ጥሩ ምግብ ነው።

እንግዲህ በሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ከዚህ ጠባዩ የሚመጣ ነው። ጉልበተኛ ስለሆነ ወፍራም ክር ይፈልጋል። አፉ ሰፊ ስለሆነ ተለቅ ያለ መንጠቆ ይበቃዋል። ከወለል ስለሚኖር ክሩን የሚያወርድ ክብደት ያስፈልጋል። በሽታ ስለሚመራ ሽታ ያለው ምግብ እንሰካለታለን። እሾህ ስላለው ደግሞ እጃችንን የምንከላከልበት ጨርቅ እንይዛለን።

ሳጥኑን መሥራት

ሳጥኑ ከጣውላ ቢሠራ መልካም ነው። ጣውላ ካልተገኘ አሮጌ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ጀሪካኑን በጎኑ አስተኙት። ወደ ላይ የዞረውን ጎን በሦስት በኩል ቁረጡ፣ አራተኛውን አትቁረጡት። የተቆረጠው እየታጠፈ ክዳን ይሆናል። በገመድ ይታሰራል። መያዣ ጆሮው እንዳለ ስለሚቀር ለመሸከም ይመቻል። ቀድሞ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። ለውኃና ለምግብም አይሆንም።

ከታች በኩል ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች አብጁለት። የገባው ውኃ ይፈሳል። ውኃ ከተቋጠረ መንጠቆው ይዝጋል።

በሳጥኑ ውስጥ ዕቃዎች መቀላቀል የለባቸውም። ለየብቻቸው በትናንሽ ጣሳዎችና በተቆረጡ የውኃ ፕላስቲኮች ይቀመጣሉ። መንጠቆ በፍጹም እንዲሁ አይበተንም። በቡሽ፣ በአሮጌ ጫማ ሶል ወይም በደረቀ የማሽላ አገዳ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። መሬት ላይ የወደቀች አንዲት መንጠቆ የሕፃን እግር ትወጋለች። ሳጥን ያስፈለገበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ምን ይገባል?

መንጠቆ

መንጠቆ በገበያ ሲሸጥ ቁጥር አለው። ይህን ቁጥር ማንበብ የማይችል ሰው ነጋዴው የሰጠውን ይዞ ይሄዳል። እናንተ ግን ከእንግዲህ ማንበብ ትችላላችሁ። አነባበቡ እንዲህ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ከተጻፈ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰያፍ መስመርና ዜሮ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 5/0 ከ1/0 ይበልጣል። ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 6/0 ያለው ይሆናል። ለማጥመጃ የሚሆኑ ትናንሽ ዓሣዎችን ለመያዝ ደግሞ ጥቂት ቁጥር 8 ወይም 10 መያዝ ይጠቅማል።

ስንት መንጠቆ እንያዝ? በሥራ ላይ ከሚውለው እጥፍ መያዝ ጥሩ ነው። በ5 መንጠቆ የምትሠሩ ከሆነ 10 ያዙ። ጉቶ ያለበት ውኃ መንጠቆ ይበላል።

መንጠቆው ስለት እንዳለው እንዴት እናውቃለን? ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ከያዘ ስለት አለው። ከተንሸራተተ ደንዟል። በትንሽ ሞረድ ይሳላል።

ክር

የጥጥ ሲባጎ ውኃ ሲጠግብ ይበሰብሳል። ናይሎን አይበሰብስም፣ ፀሐይ ግን ያደክመዋል። ስለዚህ ሥራ በሌለበት ጊዜ በሳጥን ውስጥ፣ በጥላ ይቀመጥ። በክሩ ጥቅል ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው የክሩ ውፍረት ነው፣ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። ሁለተኛው ክሩ ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው፣ በኪሎ ይጻፋል። በእጅ ለሚሳብ የአምባዛ ክር ውፍረቱ ከ0.60 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። በጣም ቀጭን ክር ይበጠሳል። ባይበጠስም መዳፍ ይቆርጣል።

60 ክንድ ያህል ክር ይበቃል። በእንጨት ወይም በጠርሙስ ላይ ይጠቀለላል። ከመውጣታችሁ በፊት ክሩን በሁለት ጣት መካከል እያሳለፋችሁ ዳስሱት። የሻከረ ወይም የተነከሰ ቦታ ካለ ቁረጡና ጣሉት። ግን ውኃ ዳር አትጣሉት። የተጣለ ናይሎን የወፍና የፍየል እግር ያስራል።

ክብደት

ክሩን ወደ ወለል የሚያወርደው እርሳስ ነው። እርሳስ መርዝነት አለው። በጥርስ አትንከሱት፣ ሕፃናትም አይጫወቱበት። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። እርሳስ ካልተገኘ አሮጌ ዳዶ ወይም ድንጋይ ይሆናል።

በጉቶ ላይ ለሚያጠምድ አንድ ዘዴ አለ። ድንጋዩን በዋናው ክር ላይ አትሰሩት። በቀጭንና ደካማ ክር አንጠልጥሉት። ድንጋዩ በጉቶ ቢያዝ ደካማው ክር ይበጠሳል። ድንጋዩ ይቀራል፣ መንጠቆውና ዓሣው ግን ይወጣሉ። ድንጋይ በነፃ ነው፣ መንጠቆ በገንዘብ ነው።

ሌሎች ዕቃዎች

መንሳፈፊያ፦ ትንሽ ቅል ወይም የታሸገ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ። ክሩ ያለበትን ቦታ ያመለክታል።

ፒንሳ፦ መንጠቆን ከዓሣ አፍ ለማውጣት፣ ሲያስፈልግም ለመቁረጥ።

ወፍራም ጨርቅ፦ አምባዛን ከነእሾሁ ለመያዝ።

ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ፦ ቁስል ለማጠብና ለማሰር።

ጆንያና ገመድ፦ ጆንያው በውኃ ተነክሮ የተያዘውን ዓሣ ያቀዘቅዛል።

ጨው፦ በደረቅ ዕቃ፣ በደንብ ተከድኖ።

የእጅ ባትሪ፦ ጎሕ ሳይቀድ ለሚወጣ ሰው።

የመንጠቆው ምግብ ግን በሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ትሉ፣ የዶሮው አንጀት፣ ትናንሹ ዓሣ ለብቻው ክዳን ባለው ጣሳ ይያዛል። ሽታው ጉንዳን ይጠራል፣ እርጥበቱም ብረት ያዝጋል።

መንጠቆን ማሰር

ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው ክሩ ተበጥሶ ሳይሆን ቋጠሮው ተፈትቶ ነው። ናይሎን አንሸራታች ስለሆነ እንደ ሲባጎ አይቋጠርም። እንዲህ አድርጉ።

1. የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ። አንድ ስንዝር ያህል ይውጣ።

2. የወጣውን ጫፍ በዋናው ክር ላይ 5 ጊዜ ጠምጥሙት።

3. ጫፉን መልሳችሁ ከመንጠቆው ቀዳዳ አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ አስገቡት።

4. ቋጠሮውን በውኃ አርጥቡት። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ ይግልና ይደክማል።

5. ቀስ እያላችሁ አጥብቁት። የተረፈውን ጫፍ ቁረጡ።

6. መንጠቆውን በእንጨት ላይ ሰክታችሁ ክሩን ጎትቱ። ቋጠሮው ከተንሸራተተ ፈትታችሁ እንደገና እሰሩ። ዓሣው ከሚፈትነው እናንተ ብትፈትኑት ይሻላል።

ቢላዋው የት ይቀመጥ?

ይህን ትምህርት ለማስተማር አንድ ቀን ማታ ዝርዝሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍነው። ከመንጠቆ ጀምረን እስከ ጨው ድረስ ደረደርነው። ስድስተኛው መስመር ላይ «ቢላዋ» የሚል ነበር። ተማሪዎቹ በየተራ እየተነሱ አነበቡ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ፊደል የጀመሩት ዘግይተው ነው፣ ግን ቀን አያጓድሉም።

«ልጆቼ፣ ስድስተኛው መስመር ተሳስቷል» አሉ።

እኛ የጻፍነውን ደግመን አየን። «ፊደሉ ነው አባባ?» አልናቸው።

«ፊደሉስ ልክ ነው። ቦታው ነው የተሳሳተው።»

ከዚያም ተነሥተው ወደ ፋኖሱ ቀረቡና ቀኝ መዳፋቸውን ዘረጉልን። ከአውራ ጣታቸው ሥር እስከ እጃቸው አንጓ የሚደርስ ረጅም ጠባሳ ነበር።

ታሪኩን ነገሩን። ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበትን ክር ብቻቸውን ሲስቡ ነበር። በመጨረሻው መንጠቆ ላይ ትልቅ አምባዛ ተይዟል። ሲስቡት ቀለል አላቸው፣ የደከመ መሰላቸው። ከዳር ሲደርስ ግን ድንገት ዞረና ወደ ጥልቁ ሮጠ። ክሩ ከእጃቸው ሲያመልጥ መካከል ላይ የነበረው ባዶ መንጠቆ መዳፋቸው ውስጥ ገባ። ዓሣው በአንድ ጫፍ፣ እሳቸው በሌላው ጫፍ ታሰሩ።

«ሳጥኔ ከኋላዬ ስምንት እርምጃ ላይ ነበር። ቢላዋዬ በሳጥኑ ውስጥ ነው። ስምንት እርምጃ ምን አላት? በጎተትኩ ቁጥር መንጠቆው ይገባል። ብለቀው እሱ ይጎትተኛል። እስከ ጉልበቴ ገባሁ፣ እስከ ወገቤ ገባሁ። ናይሎን በጥርስ አይበጠስ! አዞ ያለበት ውኃ ነው፣ ደሜም ይፈሳል።»

ልጃቸው ፍየል ሊያጠጣ ወርዶ ኖሮ ጩኸት ሰምቶ ደረሰ። ሳጥኑን ገልብጦ ቢላዋውን አገኘና ክሩን ቆረጠው። ዓሣው ሄደ፣ አባት ተረፉ።

«ልጁ ያን ቀን በሌላ በኩል አሰማርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ፊደል የምቆጥረው እኔ አልነበርኩም» አሉና ተቀመጡ።

ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። እኛም ስድስተኛውን መስመር አጠፋን። ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ «ቢላዋ፦ ከወገብ» ብለን ጻፍን። ይህን ዝርዝር መጽሐፍ አይተን ነበር ያዘጋጀነው። መጽሐፉ ቢላዋ ይያዝ አለ እንጂ የት ይያዝ አላለም።

ከዚህ ታሪክ አራት ትምህርት እንወስዳለን።

1ኛ. ቢላዋ በሰገባው ሆኖ ከወገብ ይታሰራል። በግራም በቀኝም እጅ በሚደረስበት በኩል ይሁን።

2ኛ. ክር በእጅ ላይ አይጠመጠምም። ከወገብም አይታሰርም።

3ኛ. ብዙ መንጠቆ ያለበት ክር ለሁለት ሰው ነው። አንዱ ይስባል፣ አንዱ የወጣውን መንጠቆ እየተቀበለ በእንጨት ላይ ይሰካል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለም?

4ኛ. ዓሣ ከሰው አይበልጥም። ክሩን ቁረጡት፣ ይሂድ።

መንጠቆ ከገባ

ጫፉ ትንሽ ብቻ ከገባ በጥንቃቄ ይወጣል። መንጠቆው ጥርሱ ድረስ ከገባ ግን ወደ ኋላ አትጎትቱት፣ ሥጋ ይቀድዳል። ክሩን ቁረጡ፣ መንጠቆው እንዳይንቀሳቀስ በንጹሕ ጨርቅ እሰሩና ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጫፉ በሌላ በኩል ወጥቶ የሚታይ ከሆነ የጤና ባለሙያው ጥርሱን ቆርጦ በቀላሉ ያወጣዋል። በዓይን ወይም በዓይን አጠገብ የገባ መንጠቆ በማንም ሰው መነካት የለበትም።

መንጠቆም ይሁን የአምባዛ እሾህ የወጋው ቦታ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። ጭቃ ያለበት ቁስል ለዚህ በሽታ በር ይከፍታል።

በውኃ ዳር ጥንቃቄ

አምባዛ የሚመገበው ሌሊት ነው ብለናል። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ዳር መቀመጥ አለብን? የለብንም። ሌሊት ጉማሬ ሣር ሊግጥ ወደ ምድር ይወጣል። አዞ ከዳር ያደባል። የወባ ትንኝም በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የእኛ ቆላ ደግሞ የወባ አገር ነው።

የሚሻለው ገና ብርሃን ሳለ ክሩን ዘርግቶ፣ ከጠንካራ ዛፍ ላይ አስሮ፣ ወደ ቤት መመለስና በአጎበር ውስጥ መተኛት ነው። ጠዋት ሲነጋ ሁለት ሆኖ ወርዶ መሳብ ነው። በጠዋት ካልተሳበ ግን ዓሣው ይሞታል፣ ወይም አዞ ይቀድማል።

ውኃ ውስጥ ቆማችሁ አታጥምዱ። ዓሣ ስታጸዱ አንጀቱን በምትቆሙበት ዳር አትጣሉ፣ አዞ ይለምደዋል። በታንኳ የሚወጣ ሰው መንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ። ከጠፋ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን አጠገቡ ይያዝ፣ ሰው ደግፎ ያንሳፍፋል።

በግድቡ አካባቢም ሆነ በሌላ ቦታ የተተከለ ማስጠንቀቂያ ካለ ቁሙና አንብቡ። «አትቅረብ» የሚለው ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው እንጨት ላይ የተለጠፈ ቀለም ብቻ ነው። ለእናንተ ግን ሕይወት የሚያድን ቃል ነው።

ዓሣው ከተያዘ በኋላ

በቆላ ሙቀት የሞተ ዓሣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል። አምባዛ በእርጥብ ጆንያ ውስጥ ሆኖ በጥላ ከተቀመጠ በሕይወት ስለሚቆይ እስከ ገበያ ሊደርስ ይችላል። ከሞተ ግን ወዲያው አንጀቱ ይውጣ፣ ይታጠብ፣ ይበላ ወይም ጨው ይግባበት።

ጨው ስንት ይሁን? ለ5 ኪሎ የጸዳ ዓሣ 1 ኪሎ ጨው ይበቃል። ለ20 ኪሎ ስንት ይሆናል? 20 ለ5 ሲካፈል 4 ነው። ስለዚህ 4 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ዓሣው ተሰንጥቆ ጨው ይታሻል፣ አንድ ሌሊት ያድራል፣ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይደርቃል። ከዝንብ ይጠበቅ። መሬት ላይ የተሰጣ ዓሣ አሸዋና ትል ይይዛል።

ነገም ዓሣ እንዲኖር

አምባዛ የሚራባው በክረምት፣ ውኃው ሞልቶ ዳር ዳሩን ሲያለብስ ነው። እንቁላሉን ለመጣል ጥልቀት ወደሌለው ሣራም ዳር ይወጣል። በዚያን ጊዜ ለመያዝ ቀላል ነው። ግን አንዲት እንቁላል የያዘች አምባዛ መያዝ የከርሞውን ዘር መብላት ነው። ገበሬ ዘሩን ቆልቶ አይበላም።

በአንዳንድ ቦታ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃ ውስጥ ይጨምራሉ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም፣ የምንበላውንም የማንበላውንም ይፈጃል። በአጎበር የሚያጠምድም እንደዚሁ ነው። የአጎበር ቀዳዳ ጫጩቱን እንኳ አያሳልፍም፣ መድኃኒቱም ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ልጆችም ለወባ ይጋለጣሉ። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥታለች። ዓሣን በመርዝና በፈንጂ መግደል የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖር እንኳ የልጆቻችን ድርሻ መሆኑን ማወቅ ይበቃናል። መንጠቆ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። ትንሹን ዓሣ አውጥተን በሕይወቱ ልንመልሰው እንችላለን።

በክዳኑ ላይ የሚጻፍ

አሁን እርሳስ ወይም ብዕር አንሱ። ዝርዝሩን በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ጻፉ፣ ወይም በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። ስትወጡ አንብቡት፣ ስትመለሱም አንብቡት።

ከወገብ፦ ቢላዋ።

በሳጥን፦ መንጠቆ ___ (ቁጥሩን ሙሉ)፣ ክር፣ ክብደት፣ መንሳፈፊያ፣ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ወፍራም ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ባትሪ፣ ጨው።

ለብቻ፦ የመንጠቆ ምግብ፣ ጆንያ፣ ገመድ፣ የሚጠጣ ውኃ።

ከእኔ ጋር፦ አንድ ሰው።

ስትመለሱ መንጠቆዎቹን ቁጠሩ። 10 ይዛችሁ ወጥታችሁ፣ 2 ጉቶ ላይ ከቀሩ፣ በሳጥኑ 8 መኖር አለበት። 7 ከሆነ አንዱ የት ነው? በጆንያው ውስጥ ወይም በዓሣው አፍ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ልጅ ሳይውጠው፣ ሳይረግጠው በፊት ፈልጉት።

ደብተር ያለው ሰው ደግሞ በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍ፦ ቀኑን፣ ያጠመደበትን ቦታ፣ የሰካውን ምግብ፣ የያዘውን ዓሣ ብዛት። ከአንድ ክረምት በኋላ የትኛው ቦታና የትኛው ምግብ እንደሚሻል ደብተሩ ይነግረዋል። ሐይቁ አዲስ ነው። ስለ እሱ አባቶች የነገሩን ተረት የለም። የመጀመሪያውን እውቀት የምንጽፈው እኛው ነን።

ጥያቄዎች

1. አምባዛ በጨለማ ምግቡን የሚያገኘው በምንድን ነው?

2. ቁጥር 4 እና ቁጥር 10 መንጠቆ የትኛው ይበልጣል? 1/0 እና 5/0ስ?

3. ድንጋዩን በደካማ ክር የምናንጠለጥለው ለምንድን ነው?

4. ለ35 ኪሎ የጸዳ ዓሣ ስንት ኪሎ ጨው ያስፈልጋል?

5. ቢላዋ በሳጥን ውስጥ የማይቀመጠው ለምንድን ነው? በቤታችሁ ላሉት ልጆች ንገሯቸው።

6. እናንተ የምታውቁት፣ በዚህ ትምህርት ያልተጻፈ ነገር ምን አለ? በሦስት መስመር ጻፉት።